የቡናው ጥላና ወፎቹ፦ የቤተሰብ ማሳ ለዱር እንስሳት ያለው ፋይዳ

የዱር እንስሳት ጥበቃ ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው ከመንደር ርቆ የተከለለን ብሔራዊ ፓርክ ነው። ይሁን እንጂ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚገኙ አነስተኛ የቤተሰብ የቡና ማሳዎችም ብዙ የዱር ሕይወት ተጠልሎ ይኖራል። በዚህ ጽሑፍ ይህ እንዴት እንደሚሆንና ወሰኑ የት ላይ እንደሆነ እንመለከታለን።

ዓረቢካ ቡና በተፈጥሮው ከደን ዛፎች ሥር የሚበቅል ተክል ነው። በመሆኑም የአካባቢው ገበሬ ማሳውን ሲያዘጋጅ ዛፎቹን ሁሉ አይመነጥርም፤ ዋንዛን፣ ብርብራንና ሳሳን ለጥላ ያስቀራል። ዛፎቹ ቡናውን ከጠራራ ፀሐይ ይከላከላሉ፤ የረገፈው ቅጠላቸውም አፈሩን ያዳብራል። ቅርንጫፎቻቸው ደግሞ ለወፎች ጎጆ፣ ለጉሬዛ መሸጋገሪያ ይሆናሉ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በዚሁ አካባቢ ወፎችን በመረብ እየያዘና እየለቀቀ በጥላ ሥር ያለውን የቡና ማሳ ከተፈጥሮ ደን ጋር አነጻጽሯል። በቡናው ማሳ የተመዘገቡት ዝርያዎች ከደኑ በእጥፍ በልጠው ተገኙ። ታዲያ ደኑ አያስፈልግም ማለት ነውን? አይደለም። ማሳው የደንም የገላጣ ሥፍራም ወፎችን ስለሚያስተናግድ የዝርያው ቁጥር ከፍ ይላል፤ ከደን ውጭ መኖር የሚከብዳቸውና ከዛፍ ሥር ነፍሳትን የሚለቅሙት ወፎች ግን በብዛት የተገኙት በደኑ ውስጥ ነው።

ገበሬውስ ምን ያገኛል? በኮስታ ሪካ የተደረጉ ሁለት ጥናቶች ፍንጭ ይሰጡናል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው፣ ከደን አንድ ኪሎ ሜትር ያህል በማይርቅ ማሳ በንቦች አማካይነት የቡና ምርት በ20 በመቶ እንደጨመረ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ደግሞ የቡና ፍሬ በምትበሳ ጥንዚዛ የሚደርሰውን ጥቃት ወፎች በግማሽ ያህል እንደሚቀንሱ አረጋግጧል። በእርግጥ አኃዙን እንዳለ ወደ እኛ ማሳ ማምጣት አይቻልም፤ መርሁ ግን ግልጽ ነው።

ጉዳቱንም መዘንጋት አይገባም። ጥላ ከመጠን በላይ ሲበዛ ምርት ይቀንሳል፤ ዛፎቹን የተጠለሉ ጦጣና ዝንጀሮም በአጠገቡ ያለውን በቆሎ ያጠፋሉ። የቡና ዋጋ ሲወድቅ ዛፉን ቆርጦ ጫት ወይም ባሕር ዛፍ መትከል ለቤተሰቡ አዋጭ ሊመስል ይችላል። የወፎቹ ጥቅም ለሁላችን ሲሆን ወጪው ግን የሚያርፈው በአንድ ቤተሰብ ትከሻ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ በባዮስፌር ሪዘርቭነት የተመዘገቡት የከፋና የያዩ ደኖች አንድ መንገድ ያመለክታሉ፦ እምብርቱ ደን ሳይነካ ይጠበቃል፣ በዙሪያውም ሰው እያመረተ ይኖራል። ስለዚህ ማሳው የደኑ ጎረቤት እንጂ ምትክ አይደለም፤ ጎረቤትነቱ እንዲዘልቅ ከተፈለገ ግን ዛፉን ያቆየው ገበሬ ከቡናው ሽያጭ የድካሙን ዋጋ ማግኘት ይኖርበታል።