መኪና በ100 እየበረረ አቧራው ለምን አይራገፍም?

መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየበረረ ላዩ ላይ ያለችው ስስ አቧራ ንቅንቅ አትልም። ቬንትሌተርም እንደዛው፤ ቀኑን ሙሉ እየዞረ ክንፉ ላይ አቧራ ይሰበስባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አየርም ሆነ ውሃ ጠጣር ነገር ሲነካ፣ ልክ የነካበት ቦታ ላይ ፍጥነቱ ዜሮ ይሆናል። ትንሽ ፈቀቅ ሲል ደግሞ ይከንፋል። ጣጣው ያለው እዚች ስስ ድንበር ላይ ነው። አንድ መንገደኛ አውሮፕላን ሲበር ከሚገጥመው የአየር ተቃውሞ ግማሽ ያህሉ የሚመጣው አየሩ ገላውን ሲታከከው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 የስታንፎርዱ ስቲቨን ክላይንና ባልደረቦቹ አንድ ጥናት አወጡ። ውሃ ውስጥ ጥቃቅን የሃይድሮጅን አረፋ ለቀው ግድግዳው ሥር ምን እንዳለ አዩ። ዝም ብሎ ትርምስ አልነበረም። ቀርፋፋና ፈጣን ውሃ ጎን ለጎን ተጋድሞ ሰንበር ይመስላል፤ ቀርፋፋው በየመሃሉ ከግድግዳው ይነሳና ይበታተናል። እዚያው አካባቢ ትንንሽ አዙሪቶችም አሉ።

ታዲያ ማን ማንን አመጣው? አዙሪቱ ነው ሰንበሩን የሠራው ወይስ ሰንበሩ ሲፈርስ ነው አዙሪት የሚወልደው? ሁለቱ ሁሌ አብረው ስለሚታዩ በማየት ብቻ አይለይም። (ኮመንት ላይ "ይሄ የሆነው በዚያ ምክንያት ነው" እያልን የምንሳሳተውም እንዲሁ ነው።)

አንዱን አጥፍቶ ሌላውን ማየት ያስፈልጋል። እውነተኛ ውሃ ላይ ይሄ በጣም ይከብዳል፤ ኮምፒውተር ላይ ግን ይቻላል። ኻቪየር ኺሜኔዝና አልፍሬዶ ፒኔሊ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ይሄንኑ ነው። ሰንበሮቹን ሲያጠፉ አዙሪቱም ሞተ፣ ፍሰቱም ጸጥ አለ። ከግድግዳው ራቅ ያለውን ትርምስ ሲያጠፉ ግን ግድግዳው ሥር ያለው ምንም ሳይመስለው ቀጠለ። አዙሪቱ ሰንበሩን ይሠራል፣ ሰንበሩ ሲፈርስ አዙሪቱን መልሶ ይወልዳል፤ ክብ ነው። በትልቅ ፍጥነት ላይ ከላይ ያሉት ግዙፍ አዙሪቶችም ታች ያለውን እንደሚነቀንቁት በኋላ ታይቷል።

ይሄ ለምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ ክቡን ያወከ ነዳጅ ይቆጥባል። የሻርክ ቆዳ ላይ ያሉት ዓይነት ጥቃቅን ሸንተረሮች አዙሪቶቹን ከገላው ፈቀቅ ያደርጓቸዋል። ሉፍታንዛ ቴክኒክና ቢኤኤስኤፍ ይሄን ቆዳ አስመስለው አይሮሻርክ የሚባል ፊልም ሠርተዋል። ሸንተረሩ 50 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ቦይንግ 777 ላይ ሲለጠፍ 1 በመቶ አካባቢ ነዳጅ እንደሚቆጥብ ይናገራሉ። ትንሽ ትመስላለች፤ በየቀኑ አህጉር ለሚያቋርጥ አውሮፕላን ግን በዓመት ብዙ ቶን ነው።