አውድማን በእበት ስለ መለቅለቅ

የጤፍ ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነች፥ 1 ግራም ጤፍ ቢቈጠር ከ2500 እስከ 3000 ቅንጣት ይሆናል። ባቄላ ወይም ስንዴ በመጥፎ አውድማ ቢወቃ ጠጠሩ ተለቅሞ ይጣላል፤ በጤፍ መካከል የገባ ደቃቅ አሸዋ ግን መጠኑ ከቅንጣቲቱ ጋራ ትክክል ነውና በወንፊት አይለይም። ስለዚህ የገበሬው የዓመት ድካም የሚጠራው ወይም የሚበላሸው በአውድማው ወለል ላይ ነው።

አልምጎርድ የተባለ የስዊድን ሊቅ በ1963 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው ጽሑፍ፥ በኢትዮጵያ ጤፍ ውስጥ የተገኘው ብዙ ብረት ከእህሉ ባሕርይ ሳይሆን ከውጭ ከተቀላቀለው የመጣ መሆኑን አስረድቷል። ጤፍን ስለ ብረቱ ለሚያመሰግኑ ሰዎች ይህ ደስ የሚያሰኝ ወሬ አይደለም። መሬቱን ለእኩል አራሽ የሰጠ ሰውም ድርሻውን ሲወስድ የአፈሩን እኩሌታ ጨምሮ ይወስዳል።

ለአውድማ የሚመረጠው ነፋስ የሚያገኘው ጕብታ ነው። ቀይ አፈር ቢሆን መልካም ነው። መረሬ የሆነ እንደ ሆነ ግን በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና ልቅለቃውም አብሮት ይሰነጠቃል። እንዲህ ባለ አገር ቀይ አፈር ከሌላ ስፍራ አስመጥቶ መደልደል ያሻል።

ሣሩ ከነሥሩ ተነቅሎ ድንጋዩም ተለቅሞ ካለቀ በኋላ ውሃ ይረጭበታል፤ እንደ ረጠበም በሬ ይነዳበታል፥ ወይም በእንጨት ይደበደባል። ብዙ ሰዎች የሚቸኵሉት ከዚህ ላይ ነው። መሬቱ ሳይጠብቅ የተለቀለቀ እንደ ሆነ ላዩ ሲያዩት ያማረ ይመስላል፤ ነገር ግን ውቂያ በተጀመረበት ቀን የበሬው ኮቴ እየፈነቀለ ያወጣዋል፥ አፈሩም ከምርቱ ጋራ ይደባለቃል።

እበቱ የዚያው ዕለት ትኩስና አሸዋ ያልነካው ይሁን። ኩበት ሆኖ የደረቀው ተመልሶ ቢርስ እንደ ትኩሱ አይጣበቅም። በውሃ እንደ ወፍራም አጥሚት ተበጥብጦ፥ ጥቂት የጤፍ ጭድ ተጨምሮበት፥ የለቀለቁትን እንዳይረግጡት ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር ይለቀለቃል። በአንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ ከመለጠፍ ስስ አድርጎ ሁለት ጊዜ መለቅለቅ ይሻላል፤ የፊተኛው ሲደርቅ የሚያሳየውን ስንጥቅ ሁለተኛው ይደፍነዋልና። ከደረቀ በኋላ መዳፍን አሽቶ መመልከት ነው፤ አፈር በእጅ የያዘ እንደ ሆነ ገና ነው።

ይህን ሥራ በብዙ ስፍራ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ ለመድረቅም ፀሐይ ያለው ጥቂት ቀን ይፈልጋል። የወረዳ ሹም በኅዳርና በታኅሣሥ ሕዝቡን ለስብሰባ ወይም ለመንገድ ሥራ ሲጠራ እነዚህን ቀኖች ቢተውላቸው ይገባል። ነዶው ተከምሮ ያልታሰበ ዝናም የመጣ እንደ ሆነ፥ የዘገየ አውድማ ሳይደርቅ ይወቃበታልና።

በውቂያ ጊዜ በሬዎቹ የሚጥሉትን እበት ፈጥኖ የሚቀበል ልጅ ይቁም። ወለሉ የተላጠ እንደ ሆነ ውቂያው ቆሞ ስፍራው እንደ ገና ይለቅለቅ። ምርቱ በላይዳ ተበራይቶ ከተሰበሰበ በኋላ ከዳር ዳር የሚጠረገው ግርድ ለብቻው ይቀመጥ፤ ለዶሮ ይሆናል እንጂ መስፈሪያው እንዲሞላ ተብሎ ወደ ምርቱ አይመለስ።