የተጨነቀውን ሰው ስለ ማዳመጥ ትምህርት

ለተቸገረ ሰው እህልና ልብስ ማደል መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን እህሉን ተቀብሎ የሚሄደው ሰው እንቅልፍ የሚነሣ ኀዘን በልቡ ቢኖር፣ አዳዩ ምን ሊያደርግለት ይችላል? ብዙ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ሠራተኞቻቸውን ለዚህ ለማሠልጠን ገንዘብ የለንም ይላሉ። ትምህርቱ ብዙ ወጪ እንደማያሻው የሚያስረዳ ምሳሌ ከዚምባብዌ እናቀርባለን።

ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉት የአእምሮ ሐኪም ያክሟት የነበረች አንዲት ወጣት፣ ወደ ሆስፒታል የምትሳፈርበት 15 ዶላር አጥታ ቀረች፤ ራሷንም አጠፋች። ሐኪሙም ሕመምተኛው መምጣት ካልቻለ ርዳታው ወደ ሰፈሩ መሄድ ይገባዋል ብለው አሰቡ። ስለዚህ በ2006 (እ.ኤ.አ.) በሐራሬ ከተማ፣ ምባሬ በሚባለው ሰፈር፣ 14 አረጋውያን እናቶችን አሠለጠኑ። እነዚህም እናቶች በጤና ጣቢያው ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀውን ያዳምጣሉ፤ ከችግሮቹ አንዱን ራሱ መርጦ መፍትሔውን በየጥቂቱ እንዲፈልግ ይረዱታል። ሕመሙንም በባዕድ ስም ሳይሆን በአገራቸው ቋንቋ «ሐሳብ ማብዛት» ይሉታል። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የታተመውና 573 ሕመምተኞችን ያካተተው ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ከስድስት ወር በኋላ ይህን ርዳታ ያገኙት ሰዎች የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ይልቅ ጭንቀታቸው ቀልሎ ተገኝቷል።

የዓለም ጤና ድርጅትም በ2011 (እ.ኤ.አ.) ከሌሎች ድርጅቶች ጋር፣ አደጋ የደረሰበትን ሰው ለማጽናናት የሚረዳ መምሪያ አሳትሞ ያለ ዋጋ አቅርቧል። የመምሪያው ፍሬ ነገር ሦስት ነው፤ ማየት፣ መስማት፣ ማገናኘት። ረዳቱ በመጀመሪያ ማን ፈጥኖ መረዳት እንደሚገባው ያያል፤ ቀጥሎም ሳያቋርጥ ይሰማል፤ በመጨረሻም ሰውየውን ከዘመዶቹና ርዳታ ከሚያገኝበት ቦታ ጋር ያገናኘዋል። የደረሰበትን ሁሉ እንዲናገር ግን አያስገድደውም። መምሪያው ረዳቱ ራሱ እንዳይደክም ዕረፍት እንዲያደርግና ከባልንጀሮቹ ጋር እንዲመካከርም ያሳስባል።

ይሁን እንጂ ጥቂት ቀን የተማረ ሰው ሐኪም አይሆንም። ራሱን ለመግደል የሚያስብ፣ ወይም አእምሮው የታወከ ሰው ሲገኝ፣ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ማድረስ ግዴታ ነው።

በማኅበርም ሆነ በጉርብትና ችግረኞችን የምትጐበኙ አንባቢዎቻችን ሆይ! ለርዳታ ከምታዋጡት ገንዘብ ጥቂቱን ከፍላችሁ፣ ከመካከላችሁ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይህን ትምህርት ይማሩ ዘንድ ብታደርጉ፣ ስጦታችሁ ከእጅ አልፎ ወደ ልብ ይደርሳል።