በገብርኤል ዕለት ያረፈው አውሮፕላን

ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ መቐለ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ አረፈ። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ የመጀመሪያው መደበኛ የመንገደኞች በረራ ነበር፤ የትግራይን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ገና ሁለት ወር አልሞላም። ዘመድ ከዘመድ ተቃቅፎ ተላቀሰ።

ዕለቱ የቅዱስ ገብርኤል በዓል ነው። የሚታሰቡትም ሦስት ወጣቶች ናቸው፦ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል። ሰው ሁሉ የተጣሉበትን እሳት ያስታውሳል፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ከእሳቱ በፊት ያለው ነገር ነው። ልጆቹ ባቢሎን ተማርከው፣ ስማቸው እንኳ ተለውጦ፣ ከንጉሡ ማዕድ እንዲበሉ ሲታዘዙ ጥራጥሬና ውሃ ይበቃናል አሉ። ትንቢተ ዳንኤል ወላጆቻቸውን በስም አያነሣም። ያን እምቢታ ያስተማራቸው የቤታቸው ገበታ እንደሆነ ግን አልጠራጠርም።

በእኛም አገር ልጅ የሚቀረጸው ገበታ ላይ ነው። ታናሹ ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዞ ጎንበስ ይላል፤ ከእንግዳው ጀምሮ በዕድሜ ቅደም ተከተል ያስታጥባል፤ ፎጣውን በትከሻው ጣል አድርጎ ይመለሳል። ጸሎቱ እስኪያልቅ እጁን አይሰድም። የረሃቡን ትዕግሥት፣ የታላቅን ክብርና ጾምን አንድ ላይ ይማራል፣ ያውም ማንም «ተማር» ሳይለው። ማለዳ ደግሞ የኔታ ፊት ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ ይቆጥራል።

ትግራይ ውስጥ የተሰበረው ይህ ነው። ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ምክንያት መጋቢት 2012 ተዘጉ፤ በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተከተለ፤ ብዙዎቹ እስከ 2015 አጋማሽ ድረስ አልተከፈቱም። ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ የነበረው አሥር ሞላው፣ ክፍሉ ግን እዚያው ቀረ። ስለ ክፍሉ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ገበታው ብዙም አልተባለም። እንጀራ ሲጠፋ ማንቆርቆሪያው ሥራ ይፈታል። አባት አዲስ አበባ፣ ልጅ መቐለ ሆነው ስልክ እንኳ ሲቆረጥ፣ ተግሣጽ በማን አፍ ይሄዳል?

ስለዚህ የናፈቀው አባት ተመልሶ ሲመጣ የተወው ልጅ ቤት የለም። የሚጠብቀው ወላጆቹ ያላዩትን ያየ ጎረምሳ ነው። እልኸኛ ሲሆንበት አንዳንዱ አባት ቀበቶ ያነሣል፤ ለበትሩም ሰሎሞንን ይጠቅሳል። ሕጉ እዚህ ላይ ከደጃፍ ይቆማል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጅን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ከአካል ቅጣት ይጠብቀዋል። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ልጅ የሚያንገላታን ቢቀጣም፣ ወላጅ ለማነጽ ሲል ከሕግ ሳይወጣ የሚወስደውን እርምጃ ይተወዋል። የቀረው ለወላጅና ለንስሐ አባት ኅሊና ነው።

እኔ በትሩን ጣሉት ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ማስረጃዬም ከዚያው ከሰሎሞን ነው። በሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት ቆጠራችን መጽሐፈ ምሳሌው ለሁለት ይከፈላል፤ ከምዕራፍ 25 ጀምሮ ያለው መጽሐፈ ተግሣጽ ይባላል። ይህ ተግሣጽ የተባለ መጽሐፍ በምን ይዘጋል? በምዕራፍ 31፣ እናቱ ለንጉሥ ልሙኤል በነገረችው ቃል። ልጇ ጎልማሳ ነው፣ ንጉሥ ነው፤ ልትመታው አትችልም። ያላት አፏና አብረው የኖሩት ዘመን ነው። ጳውሎስም በኤፌሶን 6 ስለ ጌታ ተግሣጽ ከመናገሩ በፊት፣ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ ይከለክላል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ።

ዛሬ በዚያው አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄደው ወጣት ከሚመጣው አያንስም። ሸኚ ከበሩ አያልፍም። እናት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ፣ በሶውን ሻንጣው ጎን ውስጥ ታስገባለች። ጉልበቷን ሊስም ሲያጎነብስ ትመርቀዋለች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ረቡዕና ዓርብን እንዳይረሳ ትነግረዋለች።

«ሕራይ አደይ» ይላል፤ ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ፍተሻው ይገባል።