ስለ ቆሰለ ጥንብ አንሣ አያያዝ

በጎጃም ደጋ የሚኖር ሰው ኹሉ ጥንብ አንሣን ያውቀዋል። ከብት በሞተበት መስክ ከሰማይ ሲወርድ ያየዋል፤ ነገር ግን መልኩን ስለሚጸየፍ ጥቅሙን አያስተውልም። ልጆችም ቆስሎ መሬት ላይ ሲያገኙት በድንጋይ ይወግሩታል። ስለዚህ መምህራንና ሽማግሌዎች ያስረዷቸው ዘንድ የዚህን ወፍ ነገር በአጭሩ እንጽፋለን። ዘመኑም ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ጥንብ አንሣ የአገር ጠራጊ ነው። የጨጓራው አሲድ እጅግ ብርቱ ስለ ኾነ፥ በበሰበሰ ሥጋ ውስጥ ካለው የበሽታ ዘር ብዙውን ያጠፋል። የዚህም ጥቅም በህንድ አገር የታወቀው ወፉ ከጠፋ በኋላ ነው። በዚያ ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ለከብት ይሰጥ ነበር፤ መድኃኒቱ በሰውነቱ ሳለ የሞተውን ከብት የበላ ጥንብ አንሣ ኵላሊቱ ታውኮ ይሞታል። ምክንያቱ በ2004 እስኪታወቅ ድረስ ከሦስት ወገኖች ከመቶው ከ95 የሚበልጠው ዐለቀ። ጥንቡም ለውሻ ቀረ፤ ውሻም በዛ። በ2006 ህንድ፥ ፓኪስታንና ኔፓል መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ ከለከሉ።

በአገራችን ከሚኖሩት ጥንብ አንሣዎች አራቱ ወገኖች ደግሞ በ2015 ከምድር ሊጠፉ እጅግ ከተቃረቡት መካከል ተቈጠሩ። በአፍሪካ ዋናው ገዳያቸው መርዝ ነው፤ ለጅብ ወይም ለውሻ ተብሎ በሥጋ የተቀመጠው መርዝ፥ ጥንቡን ሊበሉ የተሰበሰቡትን በአንድ ጊዜ ይፈጃል። የኤሌክትሪክ ሽቦም ይገድላቸዋል፥ ክንፋቸውንም ይሰብራል። አብዛኛው የጥንብ አንሣ ወገን በዓመት ከአንድ እንቍላል አብልጦ ስለማይጥል የሞተው ቶሎ አይተካም።

ስለዚህ የቆሰለውን ማዳን ከንቱ ሥራ አይደለም። በህንድ በፒንጆር በ2001 የታመሙ ጥንብ አንሣዎች የሚጠበቁበት ቤት ተቋቋመ፤ በኋላም የሚራቡበት ኾነ። በደቡብ አፍሪካም በ2007 የተመሠረተው ቩልፕሮ የሚባለው ማኅበር የቆሰሉትን ያክማል። የዳነው ወደ ሰማይ ይለቀቃል፤ መብረር የማይችለውም አይጣልም፥ ከጓደኛው ጋር ተቀምጦ ይፈለፍላል፤ እርሱ ባይበርርም ጫጩቱ ይበርራል። በአገራችንም በሆለታ አጠገብ እንሰሳ ኮቴ የሚባል የዱር አራዊት መጠለያ ተሠርቷል፤ በዚያም ከሰው እጅ የዳኑ አንበሶችና አቦ ሸማኔዎች ተጠብቀዋል።

ሆለታ ከደብረ ማርቆስ ሩቅ ስለ ኾነ፥ የመጀመሪያው ርዳታ ወፉን ካገኘው ሰው ይጠበቃል። መሬት ላይ የተቀመጠ ጥንብ አንሣ ኹሉ ግን ቆስሏል አይባልም። እጅግ ከጠገበ መነሣት ያቅተዋል፤ ማለዳም አየሩ እስኪሞቅ ይጠብቃል። ስለዚህ አስቀድሞ ከሩቅ መመልከት ይገባል። ክንፉ ተሰብሮ ወይም ደም ፈስሶት ከተገኘ፥ ልጆች ይራቁ፤ አንድ ጐልማሳ ከኋላው ቀርቦ ጋቢ ይጣልበት፥ ዐይኑ ሲሸፈን ጸጥ ይላልና። ከመንቈሩ ይጠንቀቅ፤ ንስርና ጭልፊት ሲኾኑ ግን ይልቁን ጥፍራቸውን ይፍራ። ከዚያም አየር በሚገባበት ሣጥን ውስጥ በጨለማ ይቀመጥ፤ ውሃም ምግብም በአፉ በግድ አይጨመርበት። ወዲያውም ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ይነገር።

ብዙ ጥንብ አንሣዎች በአንድ ሬሳ ዙሪያ ሞተው ቢገኙ መርዝ መኾኑን ጠርጥሮ በባዶ እጅ አለመንካት፥ ከብትና ውሻም እንዳይቀርቡ ጠብቆ ለሹም ማስታወቅ ይገባል።

መምህር ኾይ፥ ልጆችን ወደ ዓባይ ገደል አፋፍ ወይም ወደ ጮቄ ተራራ ሥር በመራህ ጊዜ፥ ክንፉን ሳያርገበግብ በሞቀ አየር የሚዞረውን ወፍ አሳያቸው። ሽማግሌዎችም በመንደራችሁ መርዝ በሥጋ እንዳይቀመጥ ምከሩ። የታመመውን ከማዳን ይልቅ እንዳይታመም መጠበቅ ይቀላልና።