የፓርኪንሰን ሕመም ምርምር፦ የገንዘቡ ምንጭና የጥያቄዎቹ አቅጣጫ

የፓርኪንሰን ሕመም በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩ የነርቭ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሲሞቱ የሚከሰት ሲሆን፣ መንቀጥቀጥን፣ የጡንቻ መገተርንና የእንቅስቃሴ መዘግየትን ያስከትላል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከሕመሙ ጋር ይኖሩ ነበር። ከ1960ዎቹ ወዲህ የሕክምናው ምሰሶ የሆነው ሌቮዶፓ ምልክቶቹን ያስታግሣል እንጂ የሕዋሳቱን መሞት አይገታም። የሕመሙን ጉዞ የሚገታ መድኃኒት እስካሁን አለመገኘቱ የሳይንስ ብቻ ሳይሆን የገንዘብም ጉዳይ ነው።

ችግሩ ከመለኪያ ይጀምራል። ምልክቶቹ ሲታዩ ከሕዋሳቱ ብዙዎቹ ሞተዋል፤ ከዚያ በኋላም ሕመሙ በዝግታ ይጓዛል። የመድኃኒት ፍተሻ በአብዛኛው የሚመዘነው ሐኪሙ በምርመራ በሚሰጠው ነጥብ ነው፤ ነጥቡ ግን ታማሚው ሌቮዶፓ በወሰደበት ሰዓት እንኳ ይለዋወጣል። ስለዚህ የሕመሙን ሥነ ሕይወታዊ ሂደት በቀጥታ የሚያሳይ ጠቋሚ ያስፈልጋል፤ እርሱን ለማግኘት ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ለዓመታት መከታተልና ናሙናቸውን በየጊዜው ሰብስቦ ማቆየት ግድ ነው። የዚህ ሥራ ወጪ የአንድ ኩባንያ፣ ጥቅሙ ግን የተፎካካሪዎቹ ሁሉ ስለሚሆን የንግድ ድርጅት ብቻውን አይደፍረውም። በጥቂት ዓመታት የተገደበው የተለመደው የምርምር ድጎማም አይበቃውም (የዶክትሬት ተማሪው ተመርቆ ሲወጣ ክትትሉ ገና ጅምር ላይ ነው)።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተነሣው በ29 ዓመቱ ሕመሙ የተገኘበት ተዋናይ ማይክል ጄ. ፎክስ እ.ኤ.አ. በ2000 ያቋቋመው ፋውንዴሽን ነው። ፋውንዴሽኑ በ2010 የጀመረው የጠቋሚዎች ጥናት ከበጎ አድራጊዎችና ከበርካታ መድኃኒት አምራቾች ገንዘብ አሰባስቦ መረጃውን ለተመራማሪዎች ክፍት አደረገ። ፍሬው ከ13 ዓመት በኋላ ታየ። በሕመሙ ጊዜ ቅርጹን አጥቶ የሚከማቸው አልፋ ሲኑክሊን የተባለው ፕሮቲን ጤነኛውን ፕሮቲን በራሱ አምሳል የማጣመም ባሕርይ አለው። ይህንን የተጣመመ «ዘር» ከሕብለ ሰረሰር በተቀዳ ፈሳሽ ውስጥ አባዝቶ የሚለይ ምርመራ በ1,123 ተሳታፊዎች ላይ ተፈትኖ ከፓርኪንሰን ታማሚዎቹ 87.7 በመቶውን ለየ። ኤልአርአርኬ2 በተባለው ዘረመል ላይ ለውጥ ካለባቸው ታማሚዎች መካከል ግን የለየው 67.5 በመቶውን ብቻ ነው፤ በአንድ ስም የሚጠራው ሕመም ከአንድ በላይ መንገድ ሊኖረው እንደሚችል ይህ ልዩነት ያመለክታል።

ጠቋሚ ተገኘ ማለት መድኃኒት ተገኘ ማለት አይደለም። ይኸንኑ ፕሮቲን ዒላማ ያደረጉት ፕራሲኔዙማብና ሲንፓኔማብ በ2022 ውጤታቸው ሲታተም ዋነኛ ግባቸውን አልመቱም። ይሁንና የእነዚያ ጥናቶች ተሳታፊዎች የተመረጡት በዚህ ምርመራ አልነበረም።

ከገንዘቡ መጠን ባልተናነሰ የሚያሳስበው በማን ላይ እንደሚውል ነው። የሕመሙ የዘረመል ጥናት ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው ያተኮረው የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ነበር። በ2023 የናይጄሪያ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር በመሆን የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው 1,488 ታማሚዎችና 196,430 ጤነኞች ላይ ያደረጉት ጥናት ጂቢኤ1 በተባለው ዘረመል ላይ ለሕመሙ የሚያጋልጥ አዲስ ልዩነት አገኘ። ልዩነቱ በአውሮፓውያን ዘንድ የለም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ጥቂት በመሆኑ፣ በእነርሱ ላይ የቱንም ያህል ገንዘብ ቢፈስ ሊገኝ ባልቻለም ነበር። የምዕራብ አፍሪካው ግኝትም እንዳለ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ አይገለበጥም፤ የዘር ሐረጉ የተለየ በመሆኑ የኢትዮጵያ ታማሚዎች የራሳቸው ናሙና፣ የራሳቸው ክትትልና ለዚያ የተመደበ በጀት ያስፈልጋቸዋል።