ገደል ማሚቶ፣ ማስተጋባትና ኅብረ ንዝረት፤ የክፍል ድምፅ ማረሚያ ሶፍትዌር ቃላት

የስቴሪዮን ድምፅ እንደ ክፍሉ ጠባይ የሚያርሙ፣ እንደ ኦዲሲና ዲራክ ያሉ ሶፍትዌሮች ዛሬ በብዙ የቤት ድምፅ ማጫወቻዎች ውስጥ ይገኛሉ። መመሪያቸውን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ግን ገና ከጅምሩ እንቅፋት ይገጥመዋል፤ በፊዚክስ የተለያዩ ሦስት ክስተቶች «ማስተጋባት» በሚል አንድ ቃል ሲጠሩ እንሰማለንና። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሦስቱን ለይተን ለእያንዳንዳቸው ስያሜ እናቀርባለን።

አንደኛው ገደል ማሚቶ ነው። በጉና ተራራ ሸለቆዎች እረኛ ተጣርቶ ዝም ሲል፣ የገዛ ጥሪው ከማዶው ገደል ተለይቶ ይመለስለታል። ድምፅ በ1 ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ገደሉ 170 ሜትር ቢርቅ መልሱ ከ1 ሰከንድ በኋላ ይሰማል። ስያሜው በሕዝብ አፍ የጸና በመሆኑ ለውጥ አያሻውም። በመኖሪያ ክፍል ውስጥ ግን ግድግዳው ቅርብ ስለሆነ እንዲህ ያለ ተለይቶ የሚሰማ መልስ አይኖርም።

ሁለተኛው፣ ከግድግዳ፣ ከጣሪያና ከወለል የሚመለሱ ብዙ ድምፆች ተደራርበው ቀስ በቀስ የሚጠፉበት ሁኔታ ነው። በደብረ ታቦር ከተማ በሲሚንቶ ተለስኖ ዕቃ ባልገባበት አዲስ ክፍል ውስጥ ያጨበጨበ ሰው ያውቀዋል። መለኪያው፣ ምንጩ ከተቋረጠ በኋላ ድምፁ በ60 ዴሲቤል እስኪቀንስ ያለው ጊዜ ነው። «ማስተጋባት» ለዚህ ብቻ እንዲወሰን እናሳስባለን። በግእዝ «ገብአ» ተመለሰ፣ «አስተጋብአ» ሰበሰበ ማለት ነው፤ «ጉባኤ»ም ከዚሁ ሥር ይወጣል። ክስተቱም በእርግጥ የተመላሽ ድምፆች ጉባኤ ነው።

ሦስተኛው በባዶ እንስራ አፍ ላይ ሲያንጎራጉሩ ይታወቃል፤ ከቃናዎቹ አንዱ ብቻ ገዝፎ ይወጣል። ክፍልም እንዲሁ ነው። በ4 ሜትር ርቀት ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ግድግዳዎች የ42 ኸርዝ ገደማ ወፍራም ድምፅን ያገዝፋሉ፤ የሞገዱ ርዝመት 8 ሜትር ያህል፣ የርቀቱም እጥፍ ነውና። ለዚህ «ኅብረ ንዝረት» የሚለውን እንጠቁማለን። «ኅብር» መተባበርን ስለሚያመለክት፣ ሞገዱና ክፍሉ አብረው መንዘራቸውን ይገልጻል።

መለየቱ ለቃላት ጥራት ብቻ አይደለም። ሶፍትዌሩ የሙከራ ድምፅ አሰምቶ በማይክሮፎን ይለካል፤ ክፍሉ የሚያገዝፈውን ቃናም ከድምፅ ማጉያው ከመውጣቱ በፊት ይቀንሰዋል። ስለዚህ በአድማጩ መቀመጫ ዙሪያ የኅብረ ንዝረትን ጉልበት ያበርዳል። ማስተጋባትን ግን ከክፍሉ ሊያስወግድ አይችልም፤ እርሱን የሚመጥጡት ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃና በመጻሕፍት የተሞላ መደርደሪያ ናቸው። እንግዲህ ሁለቱን በአንድ ቃል የጠራ ተርጓሚ፣ ምንጣፍ ሊገዛ የሚገባውን አንባቢ ሶፍትዌር ያስገዛዋል።

ከ«ኅብረ ንዝረት» የተሻለ ቃል ያለው አንባቢ ቢያቀርብልን በደስታ እንቀበላለን። ስያሜው ቢለወጥም ልዩነቱ ተጠብቆ መቆየት አለበት።